የግሪኩ ሱቅ የዱቤ መዝገብ

ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አልፎ ወደ ሞጣ የሚዘልቅ መንገደኛ ድካሙን ለማርገብ ከመንገድ ዳር ቡና ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ይበል እንበል። ከቢራው ሳጥን ከፍ ብሎ በተሰቀለው መደርደሪያ ላይ፣ ከጂኑና ከኮኛኩ መካከል፣ «ኡዞ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ጠርሙስ ሊያይ ይችላል። መጠጡ እዚሁ አገር በብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ የሚመረት ነው። ውሃ ሲጨመርበት እንደ ወተት ይነጣል፤ ሽታው ወደ እንስላል ያደላል። ጠጪው እንደ አገሩ አረቄ ዘመድ ቆጥሮ ይጎነጨዋል እንጂ ስሙ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም።

ስሙም ሙያውም የግሪኮች ነው። በአንድ ወቅት በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በሺዎች ይቆጠሩ የነበሩት ግሪኮች ዛሬ በመቶዎች ቢገኙ ነው። መጠጡ ቀረ፤ ነጋዴው ሄደ። የውጭ ነጋዴ ይምጣ አይምጣ፣ ከመጣስ በምን ዋስትና ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ እንደገና በተነሳበት በአሁኑ ጊዜ የእነዚህን ሰዎች ታሪክ መለስ ብሎ ማየት ለገበያው ሰው ትርፍ እንጂ ኪሳራ የለውም።

ከጥንት የነበረ ደንበኝነት

ግሪኮች ለኢትዮጵያ ገበያ እንግዳ አይደሉም። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ወርቅ ገንዘብ ሲያስቀርጹ በላዩ ላይ የሚጽፉት በግሪክኛ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ወርቁ የሚሄደው ወደ ውጭ ንግድ ስለሆነ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ያሉ ነጋዴዎች ሊያነቡት ይገባ ነበር።

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ወደ ጎንደር ሲያቀና ዓድዋ ላይ የተቀበለው ያኒ የሚባል የቆጵሮስ ግሪክ ነበር። የዚህ ሰው ሥራ የራስ ሚካኤል ስሑልን የጉምሩክ ቀረጥ መቆጣጠር ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ጎጃም ወርዶ ግሽ ዓባይ ምንጭ አጠገብ ሲቆምም ከጎኑ የነበረው ስትራቴስ የሚባል ሌላ ግሪክ ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። ከአገሩ ርቆ የዓባይን መነሻ ለማየት የበቃው ይህ ሰው ለተረቱ ጥሩ ምሳሌ ሳይሆን አይቀርም።

እነዚህ ግን ነጠላ ሰዎች ነበሩ። ግሪኮች በብዛት የመጡት የዘቢብ ዋጋ ከወደቀ በኋላ ነው።

ዘቢብ ሲረክስ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የግሪክ ኢኮኖሚ በአንድ ምርት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ቡና ለእኛ እንደሆነው ሁሉ ዘቢብ ለእነሱ ዋነኛ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ነበር። የፈረንሳይን የወይን እርሻ ተባይ ባወደመበት ጊዜ የፈረንሳይ ጠማቂዎች የግሪክን ዘቢብ በብዛት ገዙ። የግሪክ ገበሬም ሌላውን ሰብል ትቶ ወይን ተከለ። የፈረንሳይ እርሻ ሲያገግም ግን መንግሥቷ ቀረጥ ጣለ፣ ዋጋው ወደቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1893 ደግሞ የግሪክ መንግሥት ዕዳውን መክፈል አቅቶት ከሰረ። ከዚያ ወዲያ ባሉት ሦስት አሥርት ዓመታት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ግሪኮች ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ሌሎቹ ወደ ግብፅ፣ ከግብፅም ወደ ደቡብ አቀኑ። እ.ኤ.አ. በ1922 የሰምርኔስ ከተማ ስትቃጠልና በማግስቱ ዓመት በግሪክና በቱርክ መካከል የሕዝብ ልውውጥ ሲደረግ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ቤቱን ለቀቀ። ስደተኛው በዛ።

ወደ ኢትዮጵያ ለሚመጣው ሥራ የከፈተለት የባቡር ሐዲዱ ነው። ግንባታው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ድንጋይ ጠራቢውና ግንበኛው ግሪክ ከሐዲዱ ጋር አብሮ ወጣ። ለሠራተኛው ዳቦ የሚጋግር፣ መጠጥ የሚሸጥ፣ አልጋ የሚያከራይ ወገኑም ተከተለው። ሐዲዱ ሲያልቅ ግንበኛው ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ ሱቅ ከፈተ።

ካፒታሉ ምን ነበር?

ዩኒቨርሲቲ ስንማር ካፒታል ማለት ማሽን፣ ሕንፃና ገንዘብ ነው ብለን ነበር የምንቆጥረው። የግሪኩ ባለሱቅ ግን ሲመጣ ከሦስቱ አንዱንም አልያዘም። የያዘው ስሙን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ጅቡቲ ያለው አስመጪ ሳሙናውን፣ ስኳሩን፣ ዘይቱንና መጠጡን በወራት ዱቤ ይልክለታል። እሱ ደግሞ ለደመወዝተኛ ደንበኛው እስከ ወር መጨረሻ ያበድራል። በሌላ በኩል ቆዳና ሌጦ፣ ሰምና ቡና ለሚሰበስበው ነጋዴ ቅድሚያ ክፍያ ይሰጣል። የጎጃም ሰምና ቆዳ በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ዓባይን ተሻግሮ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ወደ ማዕከሉ ገበያ ሲደርስ መጨረሻ ላይ ከሚረከቡት መካከል ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና የመናዊው ነበሩ። ቢቸና ያለው ገበሬ ግሪክ የሚባል ሰው ዓይቶ ባያውቅም እንኳ የሰሙ ዋጋ በእነዚህ ሰዎች የዱቤ መዝገብ ውስጥ ያልፍ ነበር።

ዱቤውን ያቆመው ማኅበራቸው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ትምህርት ቤት፣ በቅዱስ ፍሬምናጦስ ስም የተሰየመ ቤተ ክርስቲያንና ኦሎምፒያኮስ የተባለ ክለብ መሠረቱ። በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው የእግር ኳስ ውድድር ኦሎምፒያኮስ ከቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ከአርመኖቹ አራራትና ከጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ ጋር ተሰልፏል። ይህ ሁሉ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ዕዳውን የካደ ሰው እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ማምሻውን ክለብ ከአበዳሪው ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። የእኛ ዕድርና ዕቁብ የሚሠሩትን ሥራ የእነሱ ክለብ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

ግሪኩ በሌላም መንገድ ከአገሬው ተቀላቀለ። አማርኛውንና ኦሮምኛውን ለመደ፤ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያት አግብተው ወለዱ። ጣሊያን ጥቅምት 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ግሪክን ስትወር ደግሞ በአዲስ አበባ ያለው ግሪክ ከአገሬው ጋር በአንድ ጠላት ሥር ወደቀ።

ነገሩ ሁሉ ግን ቅዱስ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል የውጭ ዜጎች በአገሩ ዳኛ ብቻ እንዳይዳኙ ልዩ መብት ሰጥቶ ነበር። ጥቅሙ የተጻፈው ለፈረንሳዮች ቢሆንም ሌሎቹ አውሮፓውያንም ተጠቀሙበት። ከነጻነት በኋላ ይህ መብት ቢቀርም አገሬው ነጋዴ በገዛ ከተማው ሁለተኛ ተራ የያዘ መስሎ የተሰማው ያለምክንያት አይደለም። በአንድ ወገን ብቻ ያደላ ጥቅም ቂም መውለዱ አይቀርም።

1967

ቂሙ ከአብዮቱ ጋር ገነፈለ። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ባንኮችና የኢንሹራንስ ድርጅቶች ተወረሱ። ጥር 26 ቀን 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶች ሙሉ በሙሉ፣ 29ኙ ደግሞ በአብዛኛው በመንግሥት እጅ ገቡ። ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተከተለ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 የግል ነጋዴውን ካፒታል ለችርቻሮ በ200 ሺህ፣ ለጅምላ በ300 ሺህ፣ ለኢንዱስትሪ በ500 ሺህ ብር ወሰነው። ፋብሪካ ያልነበረው ባለሱቅ እንኳ ከዚህ በላይ ማደግ አትችልም ተባለ። ግሪኩ ሻንጣውን አዘጋጀ። ጉዳዩ የእኛ ብቻም አልነበረም። በግብፅ እ.ኤ.አ. በ1961፣ በዛየር እ.ኤ.አ. በ1973 ተመሳሳይ እርምጃ ግሪኮችን ነቅሏል።

መንግሥት የወረሰው ማሽኑን፣ ሕንፃውንና በመጋዘን ያለውን ዕቃ ነው። የዱቤ መዝገቡን ግን መውረስ አልቻለም። መዝገቡ ራሱ ወረቀት ነው፤ ዋጋ የሚኖረው አበዳሪና ተበዳሪ እስከተማመኑ ድረስ ብቻ ነው። ባለሱቁ በወጣ ዕለት ከላይ የአስመጪው ዱቤ፣ ከታች የሰብሳቢው ቅድሚያ ክፍያ ተቋረጠ። በደርግ ዘመን የነበረውን የዕቃ እጥረትና ሰልፍ የሚያስታውስ ሰው ከምክንያቶቹ አንዱን እዚህ ውስጥ ቢፈልግ አይሳሳትም። የቀሩም ነበሩ። አንድ ግሪካዊ ያቋቋመው ባምቢስ ሱፐርማርኬት ለረጅም ዓመታት የአዲስ አበባን ሸማች አገልግሏል። ይሁን እንጂ የአንድ ሱቅ መቅረትና የአንድ መረብ መቅረት የተለያዩ ናቸው።

ሰባራው ድልድይ

ከሞጣ ወጣ ብሎ ጎጃምን ከቤጌምድር የሚያገናኘውን በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ የዓባይ ድልድይ አካባቢው «ሰባራ ድልድይ» ይለዋል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አንዱ ቅስት ፈረሰ፤ የቀረው ግንብ ግን ቆሞ ነበር። ከድልድዩ አብዛኛው ስለቆመ አብዛኛው ሰው ተሻገረ ማለት አይደለም። ለአሥርት ዓመታት ተሻጋሪው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ በሚጎትቱ ሰዎች ጉልበት ገደሉን ሲሻገር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠገነ፤ በ2005 ጥገናው ፈረሰ፤ በ2009 የተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ቅስቱን ማፍረስ የአንድ ቀን ሥራ ነው። መልሶ መግጠሙ ግን የአንድ ሰው ዕድሜ ፈጀ።

የንግድ እምነትም እንደዚሁ ነው። በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ ባወጣው መመሪያ ለአገር ውስጥ ባለሀብት ብቻ ተከልሎ የነበረው የወጪና የገቢ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ተከፈተ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የባንኩ ዘርፍ በአዋጅ ተከተለ። በሩን መክፈት በወረቀት ይቻላል። የሚመጣው ባለሀብት ለወራት የሚቆይ ዱቤ ለአገሬው ነጋዴ እንዲሰጥ የሚያደርገው ግን ነገ ምን እንደሚመጣ መገመት መቻሉ ነው። አገሬው ነጋዴም እንደ ክሎቡኮውስኪ ዘመን ሁለተኛ ተራ እንዳይይዝ እኩል ዳኛ ያስፈልገዋል። አንዱ ያለሌላው ከቀረ ቅስቱ እንደገና ይሰበራል።

ይህ የግሪኮች ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ካለ ወደ ጆሃንስበርግ ይመልከት። ዛሬ በደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍቶ፣ በወገኑ ዱቤ ተነስቶ፣ ለሠራተኛ ሰፈር ሳሙናና ብርድ ልብስ የሚሸጠው የእኛው ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2015 በውጭ ዜጎች ላይ ጥቃት ሲነሳ ሱቆቻቸው ከተዘረፉት መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። ለእሱ እንዲደረግለት የምንመኘው የሕግ ከለላ ትናንት እዚህ ለነበረው ግሪክ ሳንሰጥ የቀረነው ነው።

ኡዞው አሁንም በመደርደሪያው ላይ አለ። ቀማሚው ሄዶ ቅመሙ መቅረቱ ኪሳራውን ቀላል ያስመስለዋል። ከጠርሙሱ ጋር ይመጣ የነበረው የሦስት ወር ዱቤ ግን የት እንደገባ የሚነግረን የሒሳብ መዝገብ የለም።