ለጨዋታ ስለሚሆን ግራፊክስ ካርድ አመራረጥ

በጫግኒ፣ በዳንግላ ወይም በእንጅባራ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ሰው ከወር ደመወዙ ቆጥቦ ለልጁ መጫወቻ የሚሆን ኮምፒውተር ሊያሰናዳ ሲያስብ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነገረው ስም ግራፊክስ ካርድ የሚባለው ነው። ይህ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ከኮምፒውተሩ ክፍሎች ሁሉ ዋጋው የከበደ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጫግኒ ከደረሰ በኋላ አልገጥም ቢል፣ ዕቃውን መልሶ መላኩና ገንዘቡን ማስመለሱ እጅግ ያስቸግራል። ስለዚህ የብዙ ወር ቁጠባ በአንድ ቀን ችኮላ እንዳይባክን፣ ካርዱ ምን እንደሚሠራና በምን ሥርዓት እንደሚመረጥ አስቀድሞ መረዳት ይገባል።

በመጀመሪያ ሥራውን እንመልከት። በሞኒተር ላይ የሚታየው ሥዕል ሁሉ ከጥቃቅን ነጥቦች የተሰበሰበ ነው። ዛሬ በብዙ ቤት የሚገኘው ሞኒተር በወርዱ 1,920፣ በቁመቱ 1,080 ነጥብ ስላለው፣ በጠቅላላው 2,073,600 ነጥብ ይሆናል። ጨዋታው ሳይቆራረጥ እንዲታይ ሥዕሉ በየሴኮንዱ 60 ጊዜ ያህል እንደ አዲስ መሳል አለበት። ይኸውም ሲባዛ፣ በአንድ ሴኮንድ ከ124 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች ቀለማቸውና ጥላቸው ተሰልቶ መቅረብ አለበት ማለት ነው። የኮምፒውተሩ ዋና ፕሮሰሰር ብቻውን ማሳ እንደሚያርስ ብርቱ ገበሬ ነው፤ ከባዱን ሥራ በየተራው ይፈጽማል። ግራፊክስ ካርድ ግን እንደ ደቦ ነው፤ እያንዳንዱ ጉልበቱ አነስተኛ የሆነ እጅግ ብዙ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ይሰማራበታልና ሰፊውን ማሳ በቶሎ ያጠናቅቃል። ይህን ዕቃ ዛሬ ለቤት ኮምፒውተር በዋናነት የሚያቀርቡት ኤንቪዲያ፣ ኤኤምዲና ኢንቴል የተባሉት ኩባንያዎች ናቸው።

እንግዲህ የምርጫው ሥርዓት ከጨዋታው ይጀምራል። ጨዋታ ሁሉ ካርድ አይጠይቅም። በአገራችን በቅኔ ጌምስ የተሠራው ኩኩሉ በእጅ ስልክ የሚጫወቱት ነው፤ ቼዝና ቀደም ያሉ ብዙ ጨዋታዎችም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ሥዕል አቅራቢ ብቻ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ለኮምፒውተር የወጣው ግራንድ ቴፍት አውቶ 5 በመጠነኛ ካርድ ይበቃዋል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው አዲሱ የኢንዲያና ጆንስ ጨዋታ የብርሃንን ጨረር ለማስላት የተለየ ክፍል የሌለውን ካርድ ጨርሶ አይቀበልም። ስለ ሆነም ልጁ ሊጫወት የሚፈልጋቸውን ጨዋታዎች በወረቀት ያስጽፉት፤ የየጨዋታው አዘጋጅ የሚያስታውቀውን ዝቅተኛውንና የሚመከረውን ካርድ ከዚያ ጋራ ያስተያዩ።

ቀጥሎ የሚታየው ሞኒተሩ ነው። ፎር ኬ የሚባለው ሞኒተር 8,294,400 ነጥብ ስላለው፣ ቀደም ብለን ከጠቀስነው አራት እጥፍ ሥራ ይጠይቃል። ነገር ግን በቤትዎ ያለው ሞኒተር 1,920 በ1,080 ሆኖ በሴኮንድ 60 ሥዕል ብቻ የሚያሳይ ከሆነ፣ ከዚያ በላይ ለሚያፈጥን ካርድ የሚከፈለው ገንዘብ ለዐይን ሳይታይ ይቀራል።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር የኮምፒውተሩ የኃይል ሣጥን፣ ማለትም ፓወር ሰፕላዩ ነው። ከመሥሪያ ቤት ወጥተው እንደገና የሚሸጡት ያገለገሉ የዴልና የኤችፒ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ከ180 እስከ 300 ዋት የሚሰጥ ሣጥን አላቸው፤ ሶኬቱም ከተለመደው የተለየ ስለሚሆን በሌላ ለመተካት አይመችም። ካርዱ የሚሰካበት ቦታ በደንቡ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ስለዚህ ለእንደዚህ ያለው ኮምፒውተር የሚስማማው ከዚያ የማይበልጥ ኃይል የሚወስድ ካርድ ነው። ጂቲኤክስ 1650 75 ዋት፣ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋባይት 70 ዋት ይወስዳሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በዚሁ በአርቲኤክስ 3050 ስም የሚሸጠው ባለ 8 ጊጋባይቱ 130 ዋት ስለሚወስድ የተለየ የኃይል ገመድ ይሻል። ከጂቲኤክስ 1650 ዓይነትም ፋብሪካው ፍጥነቱን ጨምሮ ተጨማሪ ገመድ ያደረገበት አለና፣ ሶኬት እንዳለውና እንደሌለው በዐይን አይቶ መግዛት ነው። ኬዙ ቀጭን ከሆነም ቁመቱ ያጠረውን፣ ሎው ፕሮፋይል የሚባለውን ይጠይቁ። ሣጥኑ ጥሩና 550 ዋት የሚሰጥ ሲሆን ግን 132 ዋት የሚወስደውን አርኤክስ 6600 ወይም 170 ዋት የሚወስደውን አርቲኤክስ 3060 ማሰብ ይቻላል።

አራተኛው የካርዱ የራሱ ሜሞሪ ነው። በተለመደው ሞኒተር ላይ አዳዲስ ጨዋታ ለሚጫወት 4 ጊጋባይት ዛሬ ጠባብ ሆኗል፤ 8 ጊጋባይት ይሻላል። ይሁን እንጂ የጎተራው ስፋት የገበሬውን ጉልበት አይመሰክርም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጂቲ 730 4 ጊጋባይት የተጻፈበት ዓይነት እያለው፣ ለዛሬ ከባድ ጨዋታ ግን ጉልበት የለውም። ሻጭ ሜሞሪውን ብቻ ቢነግርዎ፣ የካርዱን ሙሉ ስም ሳይጠይቁ ገንዘብ አያውጡ።

ያገለገለ ካርድ ስለ መግዛትም ጥቂት እንናገር። የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓላቸውን ሲያከብሩ የሚታየው ያጌጠ ፈረስ ሁሉ ሲገዛ ጥርሱ ሳይታይ አልቀረም፤ በኮርቻው ውበት ዕድሜው አይታወቅምና። ካርድም እንደዚሁ ነው። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 አሠራሩን ስለ ለወጠ፣ ሌትና ቀን ያለ ዕረፍት ሲሠሩ የቆዩ ብዙ ካርዶች በዓለም ገበያ ላይ ፈሰሱ። ከእነዚህ ደኅና የሆኑ አሉ፤ ማራገቢያቸው የላላ፣ ሙቀት የጎዳቸውም አሉ። ከዚህ የከፋው ደግሞ የአሮጌ ካርድ ስም ተቀይሮ በአዲስ ስም መሸጡ ነው። ጂፒዩ ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙዎቹን ሐሰተኞች ለይቶ ያስታውቃል። በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር ያለ ዘመድ ካርዱን በዚህ ፕሮግራም ካየ በኋላ፣ ከባድ ጨዋታ ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ያሠራው፤ ሥዕሉ ካልተበላሸና ኮምፒውተሩ ካልጠፋ ብቻ ሒሳቡን ከፍሎ በአውቶቡስ ይላክልዎ።

ዕቃው ከደረሰ በኋላ የሚቀሩት ሙቀትና መብራት ናቸው። ጫግኒ ከእንጅባራ ይልቅ ዝቅ ያለና የሚሞቅ አገር ስለ ሆነ፣ ኮምፒውተሩን ከግድግዳ አራቆ ማስቀመጥና በበጋ አቧራውን ማስጠረግ ይገባል። በጫግኒ በኩል በሚያልፈው መንገድ የሚደረስበት የታላቁ የኅዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነበር። ነገር ግን ግድቡ ታላቅ መሆኑ መብራት ድንገት ሄዶ ሲመለስ፣ ወይም በክረምት መብረቅ ሲወድቅ የሚመጣውን ጉዳት ከቤትዎ አያስቀርም። ስለዚህ ከካርዱ ገንዘብ ላይ ቀንሶ ለስታቢላይዘር ወይም ለዩፒኤስ ማዋል ብልኅነት ነው። 650 ቪኤ የተጻፈበት ዩፒኤስ ብዙውን ጊዜ 360 ወይም 390 ዋት ብቻ የሚችል መሆኑንም ልብ ይበሉ።

በመጨረሻ ስለ ዋጋ። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ይህን ይከተላል። ስለዚህ ኋላ ይጠቅም ይሆናል ተብሎ ከአቅም በላይ የሚገዛ ካርድ የቤትን ቀለብ ይሻማል፤ ለዛሬው ሞኒተርና ለዛሬው ጨዋታ የሚበቃው ግን ደስታውን ዛሬ ይሰጣል። ይኸው ካርድ ልጁ ሥዕል ማንቀሳቀስን ወይም ብሌንደር በተባለው ነፃ ፕሮግራም ቅርጽ መሥራትን ሊማር ቢወድም ያገለግለዋል።

እንግዲህ ክቡር አንባቢ ሆይ፤ ጨዋታውን፣ ሞኒተሩን፣ የኃይል ሣጥኑንና ኬዙን በወረቀት መዝግበው፣ ካርዱን በመጨረሻ ይምረጡ። ሒሳቡንም ልጁን ከጎንዎ አስቀምጠው አብራችሁ አስሉት፤ ገንዘብ በምን ልክ እንደሚወጣ ከአባትና ከእናት የሚማረው በዚህ ዓይነት ነውና።