«ስለምን ቢሉ»፦ በዕለት ንግግራችን የተሰወረው መነሻ

ሰው ሲከራከር የሚያስበውን ሁሉ አይናገርም። መነሻውን በልቡ ይዞ መደምደሚያውን ብቻ ያወጣል፤ ሰሚውም ያንኑ መነሻ በልቡ ይዞት ከሆነ ሳይመረምር ይቀበለዋል። የአንድምታ ትርጓሜ መምህራን ንባቡን ሲያብራሩ «ስለምን ቢሉ» እያሉ የሚጠይቁት ጥያቄ እንዲህ ያለውን የተሰወረ ነገር ወደ ብርሃን ያወጣል። እኛም ጥያቄውን ከጉባኤ ቤት ወደ ዕለት ንግግራችን ልናመጣው ወደድን።

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉ የደቡብ ጎንደር ደጋዎች ሕፃን በድንገት ሲታመም «ትናንት እኮ ያ ቀጥቃጭ አይቶት ነበር» መባሉ እንግዳ አይደለም። ተናጋሪው ከዚህ በላይ አይጨምርም፤ ሰሚውም አይጠይቅም። ስለምን ቢሉ ግን፣ ሁለት ያልተነገሩ ቃላት እናገኛለን፤ አንዱ «ብረት ቀጥቃጭ ቡዳ ነው» የሚል፣ ሌላው «ከታየ በኋላ የታመመ በመታየቱ ታመመ» የሚል ነው። ሁለተኛው ብቻውን አይቆምም። ያን ቀን ሕፃኑን ጎረቤትም ዘመድም አይቶታልና፤ እነርሱ ያልተጠረጠሩት በመጀመሪያው መነሻ የተነሣ ነው። የክርክሩ ሸክም ሁሉ ያረፈው ማንም ባልተናገረው ቃል ላይ ሆነ ማለት ነው። በዚህ መካከል ሕፃኑ ጠበልም ሕክምናም ሳያገኝ ይዘገያል፤ የባለ እጁም ልጆች በጋብቻ ይገለላሉ። (ገበሬው ማረሻውን የሚያሠራው ከዚያው ሰው ዘንድ ነው፤ «ማረሻው እህሌን በላው» ያለ ግን አልሰማንም።)

የናዝሬት ሰዎችም ጌታችን በምኵራባቸው ሲያስተምር ሰምተው ከተደነቁ በኋላ፣ የጸራቢ ልጅ አይደለምን ሲሉ ጠየቁ (ማቴ. ፲፫፥፶፭)። ቃላቸው ጥያቄ ይመስላል እንጂ ክርክር ነው፤ መነሻውም «ከጸራቢ ቤት ጥበብ አይወጣም» የሚል ነው። ጥበቡን በጆሯቸው ሰምተዋል፤ የሰሙት ከመነሻቸው ጋር በተጋጨ ጊዜ ግን መነሻቸውን ሳይሆን የሰሙትን ጣሉ። ናትናኤልም ስለ ናዝሬት ተመሳሳይ አሳብ ነበረው (ዮሐ. ፩፥፵፮)። ፊልጶስ ግን መጥቶ እንዲያይ ጋበዘው እንጂ አልተከራከረውም፤ እርሱም ተነሥቶ ሄደ።

በመጽሐፍ ቅዱስ የእጅ ሥራ የኀፍረት ምክንያት አይደለም። ባስልኤል በወርቅ፣ በብርና በናስ ይሠራ ዘንድ የእግዚአብሔር መንፈስ ሞላበት (ዘፀ. ፴፩)፤ ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን ይሰፋ ነበር። በሀገራችንም ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጎተተውን ሴባስቶፖል መድፍ ያሠሩት ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት ነው። በዚያ መድፍ የምንኮራ እኛው የብረት ሠሪውን ስም ስናጠፋ መኖራችን ያስገርማል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰድዶ ቢያገኙት ነው!

«ቤተ ክርስቲያን ርኩሳን መናፍስት መኖራቸውን ታስተምር የለምን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ታስተምራለች። ነገር ግን በዚህም ክርክር ውስጥ ሌላ ያልተነገረ መነሻ አለ፤ እርሱም «ርኩስ መንፈስ ሙያ መርጦ ያድራል፣ ከአባት ወደ ልጅም እንደ ርስት ይወረሳል» የሚል ነው። ይህን ከወንጌል ያገኘው የለም። ካህኑ የታመመውን ሕፃን የሚዳስስበት የብረት ወይም የናስ መስቀልም ከባለ እጅ የወጣ ነው።