ድምፅ በዐይን ሲታይ፦ ከራይስ መስመር እስከ ላፕቶፕ ማይክሮፎን

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 1861 ፊሊፕ ራይስ የሚባል የ27 ዓመት አስተማሪ በጀርመኗ ፍራንክፈርት የፊዚክስ ማኅበር አባላት ፊት ድምፅን በሽቦ አስተላለፈ። የተናጋሪው ድምፅ ስስ ሽፋን ያርገበግባል፤ ሽፋኑ በተርገበገበ ቁጥር የኤሌክትሪክ መስመሩ ይገናኛል፣ ይለያያል። በሌላው ጫፍ ሽቦ የተጠመጠመበት የሹራብ መሥሪያ መርፌ ይንዘፈዘፋል። ዜማው ደህና ተሰማ፤ ንግግር ግን በአብዛኛው እየተምታታ ነበር የሚደርሰው። መገናኘትና መለያየት ብቻ የሚያውቅ መስመር ድምፁ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደተርገበገበ ይነግራል እንጂ ንዝረቱ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ፣ ምን ቅርፅ እንዳለው አይናገርም። «አ»ን ከ«ኢ» የሚለየው ደግሞ ያ ቅርፅ ነው።

የዛሬው የላፕቶፕ ማይክሮፎን የሚይዘው ይህንኑ ቅርፅ ነው። ከትንሿ ቀዳዳ ጀርባ ከፀጉር የቀጠነ ሽፋን አለ። እሱ ሲርገበገብ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ኮምፒውተሩም ከፍታውን በሴኮንድ 44,100 ወይም 48,000 ጊዜ እየለካ በቁጥር ይመዘግባል። በ16 ቢት ከሆነ እያንዳንዱ ልኬት ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ላይ ያርፋል። ፍጥነቱ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። አንድን ድምፅ ሳያዛቡ ለመያዝ ከሚርገበገብበት ፍጥነት ከእጥፍ በላይ መለካት ያስፈልጋል፤ የሰው ጆሮ ደግሞ ቢበዛ እስከ 20,000 ሄርዝ ገደማ ይሰማል።

ልኬቶቹን በመስመር ማያያዝ ሞገዱን ያሳያል። በነፃ የሚገኘው ኦዳሲቲ የተባለ ፕሮግራም ድምፅ ሲቀዳ የሚያሳየው ይኸንን ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ሥዕል ጩኸትን ከዝምታ ከለየ በኋላ ብዙም አይናገርም፤ ሁሉም ድምፅ አባጨጓሬ ይመስላል። ቁም ነገሩ ያለው ስፔክትሮግራም በሚባለው ላይ ነው። ፕሮግራሙ ድምፁን በጣም አጫጭር አድርጎ ይቆራርጥና በየቁራጩ ውስጥ ያሉትን ቃናዎች ይነጣጥላል፤ ጊዜ ወደ ጎን፣ የቃናው ከፍታ ወደ ላይ፣ ብርታቱ በቀለም ድምቀት ይሳላል።

ፍራንክፈርት ለዚህ የሚሆን ድምፅ ሞልቷታል። በዓመት 4 ጊዜ፣ ከእነዚህም አንዱ በገና ዋዜማ፣ የመሀል ከተማው 10 አብያተ ክርስቲያናት 50 ደወሎቻቸውን አብረው ያሰማሉ። ትልቁ እ.ኤ.አ. በ1877 የተሠራው የቅዱስ በርተሎሜዎስ ካቴድራል ግሎሪዮሳ ነው፤ ክብደቱ 12 ቶን ይጠጋል። ደወል በስፔክትሮግራም ላይ የተደራረቡ ብዙ መስመሮች ሆኖ ይታያል፤ የላይኞቹ ቶሎ ሲከስሙ የታችኛው ረጅም ጊዜ ይጎተታል። የላፕቶፕ ማይክሮፎን ወፍራም ድምፅ ላይ ደካማ ስለሆነ ያ የታችኛው መስመር ሊደበዝዝ ይችላል። ከመቅዳት በፊት የጩኸት ማጣሪያውን ማጥፋትም ግድ ነው። ማጣሪያው የተሠራው ለኢንተርኔት ስብሰባ ነው፤ ሳይለወጥ የሚቆይ ድምፅ ሁሉ የአየር ማቀዝቀዣ እየመሰለው ሊውጠው ይሞክራል።

ደወል መጠበቅ የማይፈልግ በራሱ አፍ ይሞክር። «ተ» ሲባል ከፍንዳታው በኋላ ትንፋሽ ይከተላል፤ ስክሪኑ ላይ የተበተነ፣ የሳሳ ቀለም ይታያል። «ጠ» ላይ ግን ጉሮሮ ስለሚዘጋ መጀመሪያ ቀጥ ያለ ስለታም መስመር፣ ቀጥሎ ጠባብ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ አናባቢው ይመጣል። «ከ» እና «ቀ»ም እንደዚሁ ናቸው። እዚያው ጀርመን ተወልዶ «ጠላ»ን «ተላ» ለሚል ልጅ እናቱ መቶ ጊዜ ከምትደግምለት ባዶውን ቦታ ብታሳየው ይሻላል፤ ቦታው ካልታየ ጉሮሮውን አልዘጋም ማለት ነው፣ እንደገና ይበል።