ግምጃ ቤት የማይገባ ሸቀጥ

ዕቃውን በግምጃ ቤት ቈልፎ የሚያድር ነጋዴ ሌሊቱን በሰላም ይተኛል። ዛሬ የምናወሳው ንግድ ግን ግምጃ ቤት የለውም፤ ሸቀጡም በገዛ ፈቃዱ መጥቶ በገዛ ፈቃዱ የሚሄድ ነው። ይኸውም መንገደኞችን በጀልባ ወደ ደሴት ዳርቻ አድርሶ፣ ከፍርግርግ ብረት በተሠራ ሣጥን ወደ ባሕር እያወረዱ፣ ነጩን ሻርክ ዓሣ በቅርብ የማሳየት ንግድ ነው።

በዚህ ሥራ እጅግ ከታወቁት ስፍራዎች አንዱ በደቡብ አፍሪካ፣ ከኬፕታውን በስተ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው ጋንስባይ ነው። ከባሕሩ ዳርቻ ጥቂት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ዳየር የተባለችው ደሴትና ጋይዘር የተባለው አለት ይገኛሉ። በአለቱ ላይ አቆስጣ የተባሉት የባሕር እንስሳት በአሥር ሺሕ እየተቈጠሩ ይኖራሉ። ሻርኩን ወደዚህ የሚስበው የአቆስጣው ሥጋ ስለ ሆነ፣ በደሴቲቱና በአለቱ መካከል ያለው ጠባብ መተላለፊያ «የሻርክ ጎዳና» ተብሎ ይጠራል።

የባሕሩም ጠባይ ከገበያ ዋጋ ይልቅ ተለዋዋጭ ነው። የዚያ አገር ክረምት እንደ እኛው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሲሆን፣ ሻርኩ የአቆስጣ ግልገሎችን ለማደን ወደ ደሴቲቱ የሚቀርበው በዚሁ ወራት ነው። ነገር ግን ከሰሜን ምዕራብ ዐውሎ ነፋስ በተነሣ ጊዜ ጀልባዎቹ ከወደብ ሳይወጡ ይውላሉ። በበጋ ሻርኩ ጥልቀት ወደሌለው የዳርቻ ውሃ ይዛወራል፤ የደቡብ ምሥራቁም ነፋስ ቀዝቃዛውን የጥልቅ ውሃ ወደ ላይ ያወጣዋል። ስለዚህ ጀልበኛው በየማለዳው ነፋሱን፣ የሞገዱን ከፍታና የውሃውን ጥራት ሳይመረምር ገመዱን አይፈታም።

ይህን ሁሉ የለመዱት የጋንስባይ ነጋዴዎች፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ያልጠበቁት ነገር ደረሰባቸው። የነጭ ሻርክ ሬሳዎች ወደ ዳርቻው ተተፍተው ተገኙ፤ የብዙዎቹም ጉበት ተዘንጥሎ ወጥቶ ነበር። አዳኞቹ ኦርካ የተባሉ ታላላቅ የባሕር አውሬዎች ነበሩ። ከእነዚህም የጀርባ ክንፋቸው አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ የታጠፈ ሁለቱ በተለይ ታወቁ። በሕይወት የቀሩት ሻርኮች ስፍራውን ለቀው ለሳምንታት፣ ኋላም ለወራት ጠፉ። ደቡብ አፍሪካ ነጩን ሻርክ ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ ብትጠብቀውም፣ ኦርካን የሚከለክል ሕግ የለም።

ጀልበኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በነጩ ሻርክ ፈንታ ናሐስማ መልክ ያለውን ሌላ የሻርክ ዓይነት፣ አቆስጣዎችን፣ ፔንጉዊን የተባሉትን የማይበርሩ ወፎችና በክረምት የሚመጡትን ዓሣ ነባሪዎች ማሳየት ያዙ።

በሌላ ስፍራ ደግሞ ንግዱን የዘጋው የመንግሥት ውሳኔ ነው። ከሜክሲኮ በስተ ምዕራብ የምትገኘው የጓዳሉፔ ደሴት ውሃዋ ሠላሳ ሜትር ያህል አሻግሮ የሚያሳይ ጥሩ ስለ ነበረ፣ በነሐሴና በኅዳር መካከል ጠላቂዎች ከየአገሩ ይጎርፉባት ነበር። በ2023 ዓ.ም. መንግሥት እንስሳውን ለመጠበቅ ሲል ሥራውን ከለከለ። በአውስትራልያም ይህ ንግድ በነጭ ሻርክ የተፈቀደው በኔፕቱን ደሴቶች ብቻ ነው።

ክቡራን ነጋዴዎች! «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» የሚለው ተረታችን ለጀልበኛው ብቻ የተነገረ አይደለም። በአንድ ሰብል ብቻ የሚታመን ላኪ፣ በአንድ ፋብሪካ ብቻ የሚታመን አስመጪ፣ በአንድ ደንበኛ ብቻ የሚታመን ባለሱቅ ሁሉ በሻርክ ጎዳና ላይ መልሕቁን እንደ ጣለ ይቈጠራል። የጋንስባይ ሰዎች ሁለተኛውን ሸቀጥ የፈለጉት የመጀመሪያው ከጠፋ በኋላ ነው፤ ብልኅ ነጋዴ ግን የመጀመሪያው በእጁ ሳለ ሁለተኛውን ያዘጋጃል።