የሶፍትዌር ፈቃድ ውል፦ ድርጅት ምን ይገዛል፣ በምንስ ይቆጠርበታል?

አንድ ድርጅት ሶፍትዌር ገዛ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የገዛው ፕሮግራሙን ሳይሆን በፕሮግራሙ የመጠቀም መብትን ነው። ይህ መብት ለማን፣ በስንት ኮምፒውተር ላይ፣ ለምን ዓይነት ሥራ፣ እስከ መቼ እንደተሰጠ የሚዘረዝረው ሰነድ የፈቃድ ውል፣ በተለምዶ አጠራር ላይሰንስ ይባላል። ባለቤትነቱ ከአምራቹ እጅ አይወጣም። ወንበርና ጠረጴዛ የገዛ ድርጅት ሲፈልግ ይሸጠዋል፣ ያከራየዋል፣ ወደ ቅርንጫፉ ያዛውረዋል፤ በሶፍትዌር ግን ይህን ሁሉ ማድረግ የሚችለው ውሉ እስከፈቀደለት ድረስ ብቻ ነው።

ሶፍትዌር ሁልጊዜ ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ አልነበረም። እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ (ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው) ፕሮግራሞች ከትልልቆቹ ኮምፒውተሮች ጋር ተጠቃለው ይሰጡ ነበር። አይቢኤም በ1969 ሶፍትዌርን ከማሽኑ ዋጋ ለይቶ እንደሚሸጥ ሲያስታውቅ ነገሩ ተለወጠ። ሕጉም ተከተለ፦ አሜሪካ በ1980 የቅጂ መብት ሕጓን አሻሽላ የኮምፒውተር ፕሮግራምን በግልጽ አስገባች፤ በ1994 የተፈረመው የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት ደግሞ ፕሮግራም እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ እንዲጠበቅ ደነገገ። በኢትዮጵያም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚያገኙ ሥራዎች ተርታ አስቀምጦታል። ያለ ፈቃድ የሚጠቀም ሰው የሚጥሰው ውልን ብቻ ሳይሆን ሕግንም የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ለድርጅት በሚሸጥ ሶፍትዌር ላይ ውሉ አንድ ወረቀት ሆኖ አይገኝም። ጠቅላላ ደንቦቹን የያዘ ዋና ስምምነት አለ፤ ብዛቱን፣ ዋጋውንና ጊዜውን የያዘ የግዢ ትዕዛዝ አለ፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ «በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ በሚገኘው ፖሊሲ መሠረት» የምትል ሐረግ ትገባለች። ይህች ሐረግ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ልትመረመር ይገባል። ድረ ገጹ በማንኛውም ቀን ሊለወጥ ስለሚችል፣ ገዢው አይቶት የማያውቀው ቃል ከሁለት ዓመት በኋላ የውሉ አካል ነው ሊባል ይችላል። ጠንቃቃ ገዢ ውሉ በተፈረመበት ቀን የነበረውን ፖሊሲ አትሞ ያያይዛል፤ ሰነዶቹ ሲጋጩ የትኛው የበላይ እንደሚሆንም ያስጽፋል። ሳይነበብ «እስማማለሁ» የተባለበት ውልም ቢሆን ባዶ ቃል አይደለም። በአሜሪካ የሰባተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ፕሮሲዲ የተባለ ኩባንያ ባቀረበው ክስ በ1996 እንደወሰነው፣ ገዢው ውሉን አንብቦ ካልተስማማ ዕቃውን የመመለስ ዕድል ከነበረው በማሸጊያው ውስጥ ያገኘው ውል ያስገድደዋል።

ገዢዎች በመጀመሪያ የሚጠይቁት ዋጋውን ነው። ከዋጋው ይልቅ የሚያከስረው ግን መቁጠሪያው ነው፤ ማለትም ክፍያው የሚሰላው በሰው ነው፣ በመሣሪያ ነው፣ ወይስ በሌላ ነገር የሚለው።

በጣም የተለመደው መቁጠሪያ በስም የተመዘገበ ተጠቃሚ ነው። አንድ ፈቃድ ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ አንዱን የይለፍ ቃል ሁለት ሠራተኞች ቢጋሩት ውሉ ተጥሷል። አንዳንድ አምራቾች የተመዘገበውን ትተው በአንድ ጊዜ ፕሮግራሙን የከፈቱትን ሰዎች ብቻ ይቆጥራሉ። ሌሎች ደግሞ መሣሪያ ይቆጥራሉ። የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ሰርቨር በሰውና በመሣሪያ መካከል ምርጫ ይሰጣል፦ ሰርቨሩ የራሱ ፈቃድ ቢኖረውም፣ ከሱ ጋር ለሚገናኘው ለእያንዳንዱ ሰው ወይም ለእያንዳንዱ መሣሪያ ተጨማሪ የመዳረሻ ፈቃድ መገዛት አለበት። ሠላሳ ሠራተኞች በሦስት ፈረቃ በአሥር ኮምፒውተር የሚፈራረቁበት ሆቴል በመሣሪያ ቢያስቆጥር አሥር ፈቃድ ይበቃዋል፤ በሰው ቢያስቆጥር ሠላሳ ይገዛል። እያንዳንዱ ሠራተኛ ላፕቶፕ፣ ስልክና የቢሮ ኮምፒውተር ለሚይዝበት ድርጅት ስሌቱ ይገለበጣል። ሰርቨሩን ገዝቶ የመዳረሻ ፈቃዱን መርሳት ደግሞ የተለመደ ጉድለት ነው።

ከሰውና ከመሣሪያ ቀጥሎ የሚመጣው የፕሮሰሰር ኮር፣ ማለትም በአንድ ቺፕ ውስጥ ያለ የስሌት ክፍል ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር ከ2016 ስሪቱ ጀምሮ በኮር ይሸጣል፤ ማሽኑ ስምንት ኮር ብቻ ቢኖረውም ትንሹ ክፍያ የ16 ኮር ነው። የኮር አቆጣጠር ምን ያህል ሊያብጥ እንደሚችል በደንብ የሚታየው ግን በኦራክል ዳታቤዝ ነው። የኢንተርፕራይዝ እትሙ የዝርዝር ዋጋ ለዓመታት በአንድ የፕሮሰሰር ፈቃድ 47,500 ዶላር ሆኖ ቆይቷል። «ፕሮሰሰር» እዚህ ላይ በእጅ የሚነካው ቺፕ አይደለም፤ በቺፑ ውስጥ ያሉት ኮሮች ብዛት በተወሰነ ቁጥር ተባዝቶ የሚገኝ ስሌት ነው። ለተለመዱት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ማባዣው 0.5 ነው። ባለ 16 ኮር ሁለት ፕሮሰሰር የያዘ አንድ ሰርቨር 32 ኮር አለው፤ በ0.5 ሲባዛ 16 ፈቃድ፣ በዋጋ 760,000 ዶላር ይሆናል። በየዓመቱ ለድጋፍ የሚከፈለው 22 በመቶ ሲታከልበት 167,200 ዶላር ይጨመራል። ትልልቅ ገዢዎች በድርድር ቅናሽ ያገኛሉ፤ ቅናሹ ግን የሚነካው ዋጋውን እንጂ የሚቆጠረውን ብዛት አይደለም። ዳታቤዙ እንደ ቪኤምዌር ባለ፣ አንድን ሰርቨር እንደ ብዙ ማሽኖች በሚያሠራ የቨርቹዋል ማሽን ሥርዓት ላይ ከተጫነ ኦራክል የሚቆጥረው ፕሮግራሙ የሚሠራበትን ሰርቨር ብቻ ሳይሆን ሊዛወርባቸው የሚችሉትን ሰርቨሮች ሁሉ ነው። እንዲህ ያሉ አራት ሰርቨሮች ቢጣመሩ 16ቱ ፈቃድ 64 ይሆናል። ይህን የሚለው የኦራክል ሰነድ ራሱ የውሉ አካል እንዳልሆነ በግርጌው መግለጹ ነገሩን የዘወትር መከራከሪያ አድርጎታል።

መቁጠሪያ ደግሞ ባለበት አይቆይም። ኦራክል የፕሮግራም መሥሪያና ማስኬጃ የሆነውን የጃቫን ፈቃድ በጥር 2023 ከተጠቃሚና ከፕሮሰሰር ወደ ሠራተኛ ብዛት አዛወረው። ከሺህ በታች ሠራተኛ ላለው ድርጅት ዋጋው በአንድ ሠራተኛ በወር 15 ዶላር ሆነ፤ የሚቆጠረውም ጃቫን የሚነካው ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን የከፊል ጊዜ፣ የጊዜያዊና የድርጅቱን የውስጥ ሥራ የሚያግዝ የኮንትራት ሠራተኛ ሁሉ ነው። አሥር ፕሮግራመሮች ያሉት የ300 ሰው ኩባንያ ለጥበቃውና ለሾፌሩም ጭምር በዓመት 54,000 ዶላር ይጠየቃል ማለት ነው። ብዙዎች ያለ ክፍያ ወደሚገኘው የጃቫ ቅጂ፣ ወደ ኦፕንጄዲኬ፣ ያዘነበሉት ከዚህ ስሌት በኋላ ነው።

ሰው ሳይነካው የሚደረግ አጠቃቀምስ? በዚህ ላይ የታወቀው ፍርድ በየካቲት 2017 ለንደን ላይ የተሰጠው የኤስኤፒና የዲያጂዮ ጉዳይ ነው። ኤስኤፒ የድርጅቶችን ሥራ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር አምራች፣ ዲያጂዮ ደግሞ የጊነስ ቢራና የጆኒ ዎከር ውስኪ ባለቤት ነው፤ የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካንም ከ2012 እስከ 2022 ይዞት ነበር። ዲያጂዮ ደንበኞቹ በኢንተርኔት ትዕዛዝ የሚያስገቡበትን ሥርዓት ሴልስፎርስ በተባለው የክላውድ (በኢንተርኔት የሚሰጥ) አገልግሎት ላይ ሠርቶ ከኋላ ካለው የኤስኤፒ ሥርዓት ጋር አገናኘው። ደንበኞቹ ኤስኤፒን በዓይናቸው አላዩትም። ፍርድ ቤቱ ግን ትዕዛዛቸው በመጨረሻ ኤስኤፒ ውስጥ ስለሚገባ በተዘዋዋሪ ተጠቅመዋል፣ ፈቃድም ያስፈልጋቸው ነበር ሲል ወሰነ። የኤስኤፒ ጥያቄ ከ54 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። በዓመቱ ኤስኤፒ ለእንዲህ ያለው አጠቃቀም ሰውን ትቶ የሚፈጠረውን ሰነድ የሚቆጥር አማራጭ አወጣ። ሁለት ፕሮግራሞችን ከማያያዝ በፊት ውሉ «መጠቀም» የሚለውን ቃል እንዴት እንደተረጎመው ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የጊዜው ጉዳይ ከዚህ ይቀላል። ፈቃድ ወይ ዘላቂ ነው፣ ወይ በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚታደስ። ዘላቂ ፈቃድ ፕሮግራሙን ሳይሆን ያንን ስሪት ለዘላለም ይሰጣል፤ አፕዴትና ድጋፍ በሌላ ክፍያ ነው። ገበያው ወደ ሁለተኛው ካዘነበለ ቆይቷል፦ አዶቤ አዳዲስ የዲዛይን ፕሮግራሞቹን በየወሩ በሚከፈል ብቻ እንደሚያቀርብ በ2013 አስታወቀ፤ ብሮድኮም ቪኤምዌርን በኅዳር 2023 እንደገዛ በማግሥቱ ወር የዘላቂ ፈቃድ ሽያጩን ዘጋ። በሚታደስ ውል ውስጥ ሁለት መስመሮች ይፈለጋሉ፦ ገዢው አስቀድሞ ካላስታወቀ ውሉ ራሱን ያድሳል የሚለውና በእድሳት ጊዜ ዋጋው በስንት በመቶ ሊጨምር እንደሚችል የሚወስነው። ሁለተኛው ካልተጻፈ ጣሪያ የለም። በዶላር ለሚከፍል የኢትዮጵያ ድርጅት ጣሪያው ቢኖርም አይበቃውም። የውጭ ምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ110 ብር አልፏል፤ የ10,000 ዶላር ዓመታዊ ክፍያ አምራቹ አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር ከ570,000 ብር ወደ 1.1 ሚሊዮን ብር ወጣ። ለውጭ ኩባንያ ከሚከፈለው ላይ የሚቀነሰውን ግብር ማን እንደሚሸከመውም ውሉ መናገር አለበት፤ ዝም ካለ ሻጩ ሙሉ ዋጋውን ሲጠይቅ ልዩነቱ በገዢው ላይ ይወድቃል።

ያለ ክፍያ የሚገኝ ፕሮግራም ውል የለውም ማለት አይደለም። ለግል አጠቃቀም በነፃ የተሰጠ ፕሮግራም ቢሮ ውስጥ ሲጫን ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። ዶከር ዴስክቶፕ የተባለው የፕሮግራመሮች መሣሪያ ከ2021 ወዲህ ነፃ የሆነው ከ250 በታች ሠራተኛና ከ10 ሚሊዮን ዶላር በታች ዓመታዊ ገቢ ላላቸው ድርጅቶች ነው፤ ሁለቱንም ማሟላት ግድ ነው። ምንጭ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማለትም የኦፕን ሶርስ ፕሮግራሞች ፈቃዶች ሌላ ወገን ናቸው። ኤምአይቲና አፓቼ የሚባሉት የባለመብቱን ስምና የፈቃዱን ጽሑፍ ከማቆየት ብዙም ያለፈ አይጠይቁም። በሪቻርድ ስቶልማን የተጀመረው ጂፒኤል ግን ፕሮግራሙን ለውጦ ለሌላ የሚያሰራጭ ሁሉ የለወጠውን ምንጭ ኮድ በዚያው ፈቃድ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በራሱ ቢሮ ውስጥ ብቻ የሚጠቀም ድርጅት ይህ ግዴታ አይነካውም፤ ሶፍትዌር ሠርቶ ለደንበኛ የሚሸጥን ግን ይነካዋል። ኤጂፒኤል የሚባለው ደግሞ ለውጦ በኔትወርክ አገልግሎት የሚሰጠውንም ይጨምራል። እነዚህ ቃሎች ልመና አለመሆናቸውን የአሜሪካ ፍርድ ቤት በ2008 ሲያረጋግጥ፣ የኦፕን ሶርስ ፈቃድ ቅድመ ሁኔታን መጣስ የቅጂ መብት ጥሰት ሊሆን እንደሚችል ወስኗል።

ቆጠራውን የሚያጣራው የኦዲት አንቀጽ ነው። አምራቹ በጽሑፍ አስታውቆ አጠቃቀሙን የመመርመር መብት ይይዛል፤ በኦራክል የተለመደ ውል ማስታወቂያው 45 ቀን ነው። ጉድለት ሲገኝ ክፍያው ቅናሽ በሌለበት የዝርዝር ዋጋ፣ ካለፉት ዓመታት ድጋፍ ጋር ሊጠየቅ ይችላል። በድርድር ማግኘት የሚቻለው ኦዲቱ በዓመት ከአንድ ጊዜ እንዳይበልጥና ጉድለቱ በቀድሞው ቅናሽ እንዲሞላ ነው። ከዚህ ባሻገር የሚረዳው መዝገብ ነው፦ ደረሰኙ፣ የግዢ ትዕዛዙ፣ የተጫነበት ማሽን፣ የያዘው ሰው። ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ስም ሳይሰረዝ ሲቀር እየተከፈለበት ይኖራል። ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር የመጣ ዊንዶውስም ብዙውን ጊዜ ከዚያ ማሽን ጋር የታሰረ ነው፤ ማሽኑ ሲጣል ፈቃዱም አብሮ ይቀራል።

በኢትዮጵያ ቢሮዎች ጥያቄው ገና ከዚህ በፊት ካለው ደረጃ፣ ፈቃድ ጨርሶ አለ ወይ ከሚለው፣ ሊጀምር ይችላል። ፒችትሪ የሚለው የሒሳብ ፕሮግራም ስም በሒሳብ ሠራተኛ የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ ለዓመታት ኖሯል፤ ባለቤቱ ሴጅ ምርቱን ሴጅ 50 ብሎ ከሰየመው ግን ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። «ክራክ» የተደረገ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ እንዲሠራ መቆለፊያው የተሰበረ ቅጂ መጫን እንደ ነውር አለመታየቱ የድርጅቱን ሒሳብ አፕዴት በማይደርሰው፣ ቫይረስ ሊከተለው በሚችል፣ ሲበላሽም የሚጠየቅ አካል በሌለው ፕሮግራም ላይ ያስቀምጠዋል። የቅጂ መብት አዋጁ በፍትሐ ብሔር ካሳ፣ በወንጀል ደግሞ እስራትን ጨምሮ ቅጣት አለው። በተግባር ጉዳዩ የሚነሳው ግን ድርጅቱ ከውጭ ባለሀብት ጋር ሊጣመር ሲል፣ የፈቃድ ደረሰኞቹን አምጣ በተባለ ጊዜ ነው።

ኃላፊነትን የሚመለከቱት አንቀጾች ለሻጩ ያደላሉ። ካሳ በአብዛኛው ገዢው ባለፉት 12 ወራት ከከፈለው አይበልጥም፤ የጠፋ ትርፍም አይታሰብም። በክላውድ አገልግሎት የሚገባው የ99.9 በመቶ ቃል በ30 ቀን ወር ውስጥ 43 ደቂቃ መቋረጥን ይፈቅዳል፤ ከዚያ ሲያልፍ የሚሰጠው ገንዘብ ሳይሆን ከሚቀጥለው ሒሳብ ላይ የሚታሰብ ቅናሽ ነው። ሻጩ የሌላ ሰው ፈጠራ ሰርቆ ቢሆን ገዢውን ከክስ የሚጠብቀው አንቀጽ ከዚህ የካሳ ጣሪያ ውጭ እንዲሆን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ብዙ ሻጮችም ይቀበሉታል።

የመውጫው አንቀጽ ሁለት ነገር ይመለከታል፦ ፈቃዱን ለሌላ ማስተላለፍና መረጃን ይዞ መውጣት። በመጀመሪያው ላይ ፍርድ ቤቶች አልተስማሙም። የአሜሪካ የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2010 በኦቶዴስክ ጉዳይ፣ በፈቃድ የተሰጠ ፕሮግራም የተላለፈለት ሰው ባለቤት ስላልሆነ መልሶ መሸጥ እንደማይችል ወሰነ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2012 በዩዝድሶፍትና በኦራክል ክርክር የተቃራኒውን አለ፤ ዘላቂ ፈቃድ ያለው ገዢ የራሱን ቅጂ ከጥቅም ውጭ አድርጎ ሊሸጠው ይችላል። ድርጅት ሲሸጥ ወይም ሲዋሐድ ፈቃዶቹ አብረው መተላለፋቸው በውሉ ላይ የሚወሰነውም ከዚሁ የተነሣ ነው። መረጃን በተመለከተ ማይክሮሶፍት የክላውድ አገልግሎት ውል ካበቃ በኋላ ደንበኛው መረጃውን እንዲያወጣ 90 ቀን ይሰጣል፤ ሴልስፎርስ 30 ቀን። ቀኑን ብቻ ሳይሆን መረጃው በምን ዓይነት ፋይል እንደሚመለስና ለዚህ ክፍያ ይኑር አይኑር የማይናገር ውል ሲገኝ፣ ይህ ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ መሞላት አለበት።