ለሌሎች ዓለም ሕገ ተፈጥሮን ስለ መደንገግ

በምንኖርባት ምድር ላይ ከእጅ ያመለጠ ድንጋይ ይወድቅ ዘንድ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ በኮምፒዩተር ውስጥ በሚፈጠረው ምናባዊ ዓለም ግን ድንጋዩ ወደ ታች እንዲወርድ፣ ወርዶም መሬቱን ሳይበሳ እንዲቆም፣ በሰው አምሳል የሚመላለሰው አቫታርም በግድግዳ መካከል እንደ ነፋስ እንዳያልፍ፣ ይህን ሁሉ አስቀድሞ በአኃዝ የሚደነግግ ሰው ያስፈልጋል። ከእነዚህም ድንጋጌዎች ሁሉ እጅግ ኃይል ያለው፣ ተጠቃሚው ምንም ሳይመርጥ ሶፍትዌሩ ገና ሲከፈት የሚነሣበት ነባሪ ምርጫ ነው፤ ብዙው ሰው እርሱን ሳይነካው ይኖራልና።

ሊንደን ላብ የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ሴኮንድ ላይፍ የተሰኘውን ምናባዊ ዓለም ለሕዝብ በከፈተ ጊዜ፣ የግዑዛኑን እንቅስቃሴና ግጭት ያሰላ የነበረው በደብሊን ከተማ የተመሠረተው የሀቮክ ኩባንያ ሶፍትዌር ነበር፤ ይኸውም በክፍያ እንጂ በነፃ የማይገኝ፣ ምንጨ ኮዱም ለባለቤቱ ብቻ የተጠበቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2007 ሊንደን ላብ ተጠቃሚው ዓለሙን የሚያይበትን የመመልከቻ ፕሮግራም ኮድ ለሁሉ ሲገልጥ፣ በዚያው ወር ኦፕንሲሙሌተር የሚባለው የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ተጀመረ፤ ሐሳቡም ማንኛውም ሰው በገዛ ኮምፒዩተሩ ላይ ሴኮንድ ላይፍን የመሰለ ዓለም እንዲያቆም፣ ኮዱንም አንብቦ እንዲያሻሽል ነበር። ሀቮክ ግን የሌላ ሰው ንብረት ስለ ሆነ፣ በነፃ የሚገኝ የፊዚክስ ኢንጂን መፈለግ ግድ ሆነባቸው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ዋናው መደገፊያቸው ራስል ስሚዝ የጀመረው ኦፕን ዳይናሚክስ ኢንጂን ሆነ።

አንባቢ እንዲህ ያለው ኢንጂን ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ቢፈልግ፣ ጊዜን እንዴት እንደሚቆራርጥ ማየት ይበቃዋል። በተፈጥሮ ዓለም ጊዜ እንደ ወንዝ ሳይቋረጥ ይፈሳል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ሴኮንዱን ከፋፍሎ፣ በየክፋዩ ላይ እያንዳንዱ ቁስ ወዴት እንደ ደረሰ፣ ከማንስ ጋር እንደ ተነካካ ያሰላል። ኦፕንሲሙሌተር ኦፕን ዳይናሚክስ ኢንጂንን ሲጠቀም የተተከለለት ነባሪ እርምጃ 0.01818 ሴኮንድ ነው፤ ይህም ማለት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ሃምሳ አምስት ጊዜ ያህል ማስላት ነው። እንግዲህ በሴኮንድ 50 ሜትር የሚምዘገዘግ ኳስ በሁለት ስሌቶች መካከል ዘጠና ሳንቲሜትር ያህል ይሻገራል፤ በመንገዱ ላይ ውፍረቱ 10 ሳንቲሜትር የሆነ ግድግዳ ቢገጥመው፣ በአንደኛው ስሌት ከግድግዳው ወዲህ፣ በሁለተኛው ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ኮምፒዩተሩም ምንም ግጭት ሳያይ ያሳልፈዋል። እርምጃውን ማሳጠር ይህን ስሕተት ይቀንሳል፤ ነገር ግን የስሌቱ ብዛት ይጨምራል፤ ወርዱና ቁመቱ እያንዳንዱ 256 ሜትር በሆነ ክፍለ ሀገር ውስጥ ብዙ አቫታሮችና ብዙ ቁሶች በአንድ ጊዜ ሲንቀሳቀሱ ደካማው ሰርቨር መከተል ያቅተውና ዓለሙ በሙሉ ይንቀረፈፋል። ስለዚህ አኃዙን የሚመርጠው ሰው የስሌትን ትክክለኛነትና የማያውቀውን ሰው ማሽን አቅም ማመዛዘን አለበት።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመኝ የቅርጽ ነገር ነው። ዓይን የሚያየው ቅርጽና የፊዚክስ ኢንጂኑ የሚዳስሰው ቅርጽ አንድ አይደሉም፤ በመካከላቸው የሚታየውን ቅርጽ ለስሌት ወደሚመች አካል የሚለውጥ ሌላ የፕሮግራም ክፍል አለ። ኦፕንሲሙሌተር ለዚህ ሥራ ሜሽመራይዘርና ዜሮሜሸር የሚባሉ አማራጮችን አቅርቧል፤ ፊተኛው የቁሱን ቀዳዳና ጥምዝ ተከትሎ አካሉን ሲሠራ፣ ኋለኛው ግን ለፍጥነት ሲል ሥራውን ለኢንጂኑ ይተውና ነገሩን ሁሉ በአብዛኛው እንደ ሣጥን ያስቆጥረዋል። ፈጣኑን ነባሪ ቢያደርጉት ሰርቨሩ ይቀለዋል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ከአንድ ቁስ ፈልፍሎ የሠራው ቅስት በር ለዓይን ክፍት ሆኖ ሳለ ለእግር ይዘጋል፤ ጀማሪው ሠሪም ጥፋቱ የራሱ መስሎት ደጃፉን ደጋግሞ ሲያፈርስና ሲሠራ ይውላል። ሜሽመራይዘር ነባሪ መሆኑ እጅግ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ቀርፋፋ የሆነ ዓለም ያስመርራል፤ የሚታየውና የሚዳሰሰው የማይስማሙበት ዓለም ግን እምነትን ያሳጣል።

ከጊዜ በኋላ የኦፕን ዳይናሚክስ ኢንጂን ድካም እየተገለጠ ሄደ፤ ብዙ ቁሶች ተነካክተው ሲከመሩ የሚጠይቀው የማስታወሻ ቦታ እጅግ ይበዛ ስለ ነበር፣ በሊኑክስ ላይ የሚያሠሩት ሰዎች ገደቡን አስቀድመው እንዲያሰፉ ይመከሩ ነበር፤ ይህን ሳያደርግ የቀረ ሰው ግን አንድ የተናደ የሣጥን ክምር ሰርቨሩን በሙሉ ሊጥልበት ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው በ0.8 እትም ቡሌት የተባለውን የኤርዊን ኩማንስ የፊዚክስ ኢንጂን መሠረት ያደረገው ቡሌትሲም የነባሪነቱን ስፍራ ወረሰ፤ ኩማንስም ስለዚሁ ቡሌት በፊልም ሥራ ስላበረከተው አገልግሎት በ2015 ከአሜሪካ የፊልም አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት ተቀብሏል። ለውጡ ለአዲስ ገቢው ያለ ጥርጥር መልካም ነበር። ሆኖም በፊተኛው ኢንጂን ላይ መኪናውንና ጀልባውን ለብዙ ሌሊት ሲያስተካክል የቆየ ሰው፣ ፍትጊያውና የመንጠር መጠኑ በሌላ ሲሰላ ተሽከርካሪው ሲንሸራተት ወይም አልነሣም ሲል ቢያይ ኀዘኑ እውነተኛ ነው፤ ሕገ ተፈጥሮ በአንድ ጀንበር ተለውጦበታልና። እርግጥ ነው፣ የቀድሞውን ኢንጂን ለሚሻ ሰው አማራጩ በማዋቀሪያው ፋይል ውስጥ ተጠብቆለት ነበር፤ ነገር ግን መኖሩን የሚያውቅ ስንት ነበር?

ባልትና የምታውቅ ሴት ለማታውቃቸው እንግዶች ወጥ ስትሠራ ጨውን በመጠኑ ታደርጋለች፤ የሚሻ ይጨምራል፣ የበዛውን ግን የሚያወጣ የለምና። ነባሪን የሚመርጥ ሰውም እንዲሁ የስበቱን ፍጥንጥነት የምድርን እንዲመስል በሴኮንድ ስኩዌር 9.8 ሜትር አድርጎ፣ ልዩ ዓለም የሚሻው ራሱ እንዲለውጠው መተው ይገባዋል። በሴኮንድ ላይፍም የአንድ ቁስ ነባሪ ጥግግት በሜትር ኩብ 1000 ኪሎግራም፣ ይኸውም የውኃ ያህል መሆኑ ከዚህ ዓይነት ማስተዋል የመጣ ይመስለኛል፤ ሠሪው ስለ ክብደት ምንም ባያስብ እንኳ ነገሩ ከአእምሮው ግምት እጅግ ሳይርቅ ይገኛልና።

ለክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ባለሙያዎች ግን አንድ ነገር አጥብቄ እመኛለሁ፦ ከእያንዳንዱ ነባሪ አኃዝ አጠገብ፣ በዚያው በማዋቀሪያው ፋይል ውስጥ፣ አኃዙ ለምን እንደ ተመረጠና ቢለወጥ ምን እንደሚበላሽ በአንድ መስመር ይጻፍ፤ ምርጫውም ከመጽደቁ በፊት በአሮጌና በደካማ ኮምፒዩተር ላይ፣ ሣጥን ተከምሮና አቫታር በዝቶበት ይፈተን፤ የበረታ ማሽን ያለው ሰው አኃዙን ራሱ ያስተካክላልና።