ዝገት ብቻ አይደለም

ያረጁ የብረት የባቡር ድልድዮችን ፎቶ እየላካችሁ «የሚጥላቸው ዝገቱ ነው አይደል?» የምትሉኝ በዝታችኋል። ዝገት ይጎዳል፤ እኔ ግን እንደ መሐንዲስ አስቀድሜ የምፈራው ለምሰሶው እግር ነው።

ጎርፍ ከምሰሶ ጋር ሲጋጭ ወደ ታች ይወርድና አዙሪት ይሠራል፤ ከመሠረቱ ሥር አሸዋና ጠጠሩን ጠርጎ ይወስዳል። ክፋቱ፣ ጉድጓዱ በጣም የሚጠልቀው ጎርፉ ሲያይል ነው። ውሃው ሲጎድል ደለል መልሶ ስለሚሞላው ሁሉም ደህና ይመስላል።

በካናዳ፣ ካልጋሪ፣ የቦኒብሩክ ድልድይ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጎርፍ በኋላ ተደጋግሞ ተፈትሾ ነበር፤ ከላይ ብቻ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ባቡር ሲያልፍ ምሰሶው ከዳው።

መፍትሔው? የወንዙ ወለል በጠላቂ ወይም በሶናር ይለካ፤ በምሰሶው ዙሪያ ትልልቅ ድንጋይ ይደርደር፤ ውሃው ከተወሰነ ምልክት ካለፈ ባቡር ይቁም። ይህ የመጨረሻው ወጪው ትንሽ ነው፤ ሰው የሚያድነውም እሱ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ።